ቀይ አፈርና የእግር ዝሆኔ፦ የአንድ በሽታ ታሪክ በወላይታ

የእግር ዝሆኔ በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ለብዙ ትውልድ የኖረ በሽታ ነው። ከጣቶች ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ጉልበት ይወጣል። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ማሳከክና ማቃጠል ብቻ ነው፤ ማታ ያበጠው እግር ጠዋት ይሟሽሻል። እየቆየ ግን እግሩ ውኃ ይቋጥራል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ በጣቶች ላይ ጉጥ ያወጣል። በየጊዜውም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሳ ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። በሕክምናው ዓለም ፖዶኮንዮሲስ ይባላል። ተዋሲያን አያመጡትም፤ ትንኝ አያስተላልፈውም፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። መነሻው ሁለት ነገር ነው፦ ለዓመታት በባዶ እግር የተረገጠ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የመጣ ቀይ አፈር፣ እና ያን አፈር ለመመከት የሚነሱት የሰውነት መከላከያ ሴሎች። ይህን ለማወቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ከማስረጃውም ዋናው ክፍል የተገኘው ከወላይታ ሰዎች ነው።

የአካባቢው መሬት ለዚህ በሽታ የሚያመች ሁሉ አለው። ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት፤ ዞኑም በስምጥ ሸለቆው ዳር ተንጣልሎ ከሞቃት ቆላ እስከ ብርዳም ደጋ ይደርሳል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥበትና የዓመቱ ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር በሚያልፍበት ቦታ፣ የጥንት የእሳተ ገሞራ ዓለት በዝናብና በሙቀት እየተፈረካከሰ ወደ ደቃቅ ቀይ ሸክላ ይለወጣል። አፈሩ ለም ነው፤ እንሰቱን፣ በቆሎውን፣ ስኳር ድንቹንና ቦዬውን አብቅሎ በኢትዮጵያ እጅግ ተጠጋግተው ከሚኖሩ ሕዝቦች አንዱን ይመግባል። ገበሬው ቀኑን ሙሉ የሚውለው በዚሁ አፈር ውስጥ ነው። በበጋ ብናኙ፣ በክረምት ጭቃው ከእግሩ ላይ አይለይም። የእንሰት ጓሮ የምትኮተኩት ሴት፣ ከብት የሚያግድ ልጅ፣ ወደ ገበያ ሸክም ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚያው ይረግጣል።

በባዶ እግር መሄድ በአንድ ወቅት የመላው ኢትዮጵያ ገጠር ልማድ ነበር። ጫማ የሹምና የከተሜ መለያ ሆኖ ቆይቶ በኋላ በረባሶውና የፕላስቲኩ ኮንጎ ሲመጣ ወደ ገበሬውም ቤት ገብቷል፤ ግን እንደ ክት ልብስ። ለበዓል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ ይደረጋል፤ ወደ እርሻ ሲወረድ ይወልቃል። ጭቃ ውስጥ ጫማ ይከብዳል፣ ያንሸራትታል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ይህ ልማድ ስንፍና ወይም ግድ የለሽነት እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ ከማዳበሪያና ከትምህርት ቤት ወጪ ጋር የሚወዳደር ነበር፤ ቤት ውስጥ ስድስት ሰባት ልጅ ሲኖር ደግሞ የማን እግር ይቅደም የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው።

የበሽታው መነሻ ባልታወቀበት ዘመን ሰዉ በገዛ ዓይኑ ካየው ተነስቶ ፍርዱን ሰጥቷል። ያየውም ነገር አንድ እውነት ነበረው፤ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። አያት የታመመችበት ቤት የልጅ ልጅም ይታመማል። ከዚህ በመነሳት በደም የሚወረስ ነው ተባለ። ሌላው ደግሞ እርግማን ነው አለ፤ ሌላውም የረገጡት ክፉ ነገር ያመጣው ነው አለ። ይጋባል ብሎ የሚፈራውም ብዙ ነበር። ፍርዱ በሕመምተኛው ላይ ከራሱ ከበሽታው የከፋ ጉዳት አደረሰ። ጋብቻ ሲታሰብ የዘር ማጣራቱ እግርን ይጨምራል፤ ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ አይጠየቅም፣ ወይም ለሌላ ዝሆኔ ላለበት ቤት ብቻ ይዳራል። ሕመምተኛው ከሠርግና ከለቅሶ ይቀራል፤ ታዳጊው ከትምህርት ቤት ይወጣል። በየጊዜው የሚነሳው ቁስለትና ጠረን ሰው እንዲሸሸው ሲያደርግ፣ እሱም ቀድሞ ራሱን ይሸሽጋል። የበሽታው እውነተኛ ብዛት ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሸሸግ ነው፤ ጤና ጣቢያ የማይመጣ ሕመምተኛ በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ አይገኝም።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ወላይታ በስፋት የገባው በሚስዮናውያን በኩል ነው። በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1928) ወላይታ ደረሰ፤ በሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይም የሕክምና ሥራ ተጀመረ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚስዮናውያኑ እንዲወጡ ተደርገው ከነጻነት በኋላ ተመልሰዋል። የኦቶና ሆስፒታል በኋላ ወደ መንግሥት አስተዳደር ተላልፎ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት ግን ያበጠ እግር ይዞ የመጣ ሰው የሚያገኘው እፎይታ ጥቂት ነበር። የዓለም የሕክምና መጻሕፍት ስለ ዝሆኔ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ትንኝ የምታስተላልፈው ፋይላሪያ የተባለ ክር መሰል ትል ፈሳሽን ከሥጋ ወደ ደም የሚመልሰውን የሊምፍ ቧንቧ ዘግቶ ያመጣዋል የሚል። ትሉ ግን ሞቃት ቆላ ይወዳል። በወላይታ ደጋ የሚኖር ሰው ደም ቢመረመርም ትል አይገኝም፤ ትል ካልተገኘ ደግሞ የሚታዘዝ መድኃኒት የለም። አንዳንዱ ሕመምተኛ በሥጋ ደዌ ተጠርጥሮ ሌላ መገለል ተጨመረበት።

ጥያቄው በሳይንስ ጽሑፎች ላይ በግልጽ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1960 ኮኸን የተባለ ሐኪም መነሻው ያልታወቀ የእግር እብጠት በኢትዮጵያና በኬንያ መኖሩን በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። በ1969 ኦመን የተባለ ሌላ ሐኪም በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ገበያዎች እየተዘዋወረ ያበጠ እግር ያላቸውን ሰዎች ቆጠረ። ገበያ መምረጡ ብልህነት ነበር። ወደ ሐኪም ቤት የማይመጣ ሕመምተኛ ጨው ለመግዛትና ቅቤ ለመሸጥ ገበያ መውጣቱ አይቀርም፤ እዚያም ጫማ የሌለው እግር ለማንም ይታያል። ቆጠራው ሕመምተኞቹ የተሰባሰቡት በደጋው ቀይ አፈር ላይ እንጂ ትንኝ በሚበዛበት ቆላ አለመሆኑን አሳየ።

ቀጣዩን እርምጃ የወሰደው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ፕራይስ በሥጋ ደዌ የተጎዱ እግሮችን በማከም ረጅም ልምድ ስለነበረው በእግር ላይ ያለውን ልዩነት የማየት ዓይን ነበረው። የሕመምተኞችን መንደር በካርታ ላይ እያስቀመጠ ከጂኦሎጂው ካርታ ጋር ሲያመሳክር በሽታው የእሳተ ገሞራ ዓለት ያለበትን መሬት ተከትሎ መሄዱን አረጋገጠ። ከዚያም ምርመራውን ወደ ሰውነት ውስጥ ወሰደው። ከብሽሽት የሚወሰዱ ንፍፊቶችን በማይክሮስኮፕና በኬሚካል ምርመራ ሲፈትሽ ውስጣቸው የሲሊካና የአሉሚኒየም ውሁዶች ደቃቅ ቅንጣቶችን አገኘ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ፤ ፖዶኮንዮሲስ የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው። የዕድሜ ልክ ሥራው በመጽሐፍ መልክ በ1990 ታትሟል። በነገሩ ብቻውን አልነበረም፤ ሮዶልፎ ሮብሌስ የተባለ የጓቲማላ ሐኪም በ1938 በአገሩ ደጋ ያለውን ተመሳሳይ እብጠት ከባዶ እግር መሄድ ጋር አያይዞት ነበር።

ፕራይስ በንፍፊት ውስጥ ያያቸው ቅንጣቶች ሜዳ ላይ የተበተኑ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ በሴሎች ሆድ ውስጥ ነበሩ። እነዚህ ሴሎች ማክሮፋጅ ይባላሉ። ሥራቸው በሰውነት ውስጥ የገባን ባዕድ ነገር፣ የሞተን ሴልና ተዋሲያንን ውጦ መፍጨት ነው። ተዋሲያን ከሆነ ይፈጩታል፤ ማዕድን ግን አይፈጭም። የእግር ቆዳ በተሰነጠቀበትና በቆሰለበት በኩል የገባው ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በማክሮፋጅ ይዋጣል፣ በሊምፍ ቧንቧ በኩል ወደ ብሽሽት ንፍፊት ይጓዛል፣ እዚያም ይከማቻል። ሊፈጨው ያልቻለው ሴል ይቆጣል፤ ሌሎች ሴሎችን የሚጠሩ ኬሚካሎችን ያመነጫል፤ አንዳንዱም ሞቶ የዋጠውን መልሶ ይተፋዋል፤ የተተፋውን ደግሞ ሌላ ማክሮፋጅ ይውጠዋል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፣ ይጠባሰሳል፣ መንገዱም ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ እየጠበበ ይሄዳል። ከደም ሥር ወደ ሥጋ የሚወጣው ፈሳሽ በሊምፍ ቧንቧ ተጠራርጎ ወደ ደም መመለስ ሲገባው መመለሻ ያጣል፤ እግሩም ውኃ ይቋጥራል። የተጠራቀመው ፈሳሽ በፕሮቲን የበለጸገ ስለሆነ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ በየጊዜው የሚነሳው ትኩሳትና ሕመም በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ግርሻም የተረፈውን ቧንቧ ይጎዳል።

ተመሳሳይ ነገር በሰውነት ሌላ ክፍልም ይታያል። ሐኪሞች ሳንባ ውኃ ቋጠረ ሲሉ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙን ማለታቸው ነው። መነሻው ካንሰር ሲሆን ዕጢው ፈሳሹን የሚመልሱትን የሊምፍ ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ በሌላ በኩል የደም ሥሮች እንዲያፈሱ የሚያደርጉ ኬሚካሎች ይለቃል። ከዚያ የሚቀዳው ፈሳሽ በማክሮፋጆችና ቲ ሴሎች በሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች የተሞላ ነው። የአስቤስቶስ ብናኝ በሳንባ ሽፋን ላይ የሚያመጣው ካንሰር ደግሞ ከወላይታው በሽታ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ እዚያም ማክሮፋጅ ሊውጠው የማይችለውን ረጅም የማዕድን ክር ሊውጥ ሲታገል የሚለቀው ኬሚካል ለዘመናት የሚቆይ ብግነት ይፈጥራል። ልዩነቱ በቲ ሴሎች ጠባይ ላይ ነው። በካንሰሩ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ቲ ሴሎች ብዙ ጊዜ በዕጢው ተደቁሰው ሥራቸውን አቁመው ይገኛሉ። በዝሆኔ ያሉት ግን፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ ከሚገባው በላይ የተቀሰቀሱ ናቸው።

ከፕራይስ በኋላ ምርምሩ ለረጅም ጊዜ ተቀዛቀዘ። ሞት የማያስከትል፣ የድሃ ገበሬ በሽታ በመሆኑ ገንዘብ የሚመድብለት አካል አልተገኘም። በወላይታ ነገሩን ያነቃቃው ምርምር ሳይሆን ሕክምና ነበር። በ1998 አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎ በሶዶ ለእነዚህ ሕመምተኞች ብቻ የሚሠራ ፕሮጀክት አቋቋመ፤ በኋላም ሞሲ ፉት በሚለው ስሙ የሚታወቅ አገር በቀል ማኅበር ሆኖ በዞኑ ወረዳዎች ክሊኒኮችን ዘረጋ።

በእነዚያ ክሊኒኮች የሚሰጠው እንክብካቤ ለማየት ቀላል ነው። ሕመምተኛው ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የፕላስቲክ ሳፋ ይቀርብለታል። እግሩን መጀመሪያ በሳሙና ያጥባል፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ሁሉ ሳይተው። ከዚያ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው፣ ጠረኑንም የሚያጠፋው ይህ ነው። እግሩን በደንብ አድርቆ ቅባት ይቀባዋል፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ። እብጠቱ ከፍ ካለ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ማታ ሲተኛ ከፍ አድርጎ እንዲያስቀምጠው ይመከራል። በመጨረሻ ካልሲና ጫማ ያደርጋል። ጫማው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር፤ ያበጠ እግር ከሱቅ የሚገዛ ጫማ አይገባበትም። ስለዚህ ሶዶ ላይ የጫማ መሥሪያ ተከፍቶ ለየእግሩ በልክ የቆዳ ጫማ ይሰፋ ነበር። ጉጡ ጫማ የማያስገባ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ሥራውን ከሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ታመው የተሻላቸው ሰዎች መሆናቸው ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው፤ እጁን ዘርግቶ የሚነካው ሰው ያገኘ ሕመምተኛ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል። በ2010 የታተመ ጥናት በዚሁ ማኅበር ክሊኒኮች አዲስ የገቡ ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ የእግራቸው ዙሪያ መቀነሱንና ኑሯቸው መሻሻሉን አረጋግጧል። በኋላም ቶምስ የተባለው የአሜሪካ የጫማ ኩባንያ በማኅበሩ በኩል ለአካባቢው ሕፃናት ጫማ አከፋፍሏል።

ክሊኒኮቹ ምርምሩንም መልሰው አመጡት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ክፍል ታስተምር የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሐኪም ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿና ከማኅበሩ ጋር ሆና በወላይታ ተከታታይ ጥናቶች አካሄደች። በ2003 የወጣው የመጀመሪያው ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አገኘ። ይህ ማለት በግምት ከአሥራ ስምንት ሰው አንዱ ነው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ሠርቶ በማደሪያ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። በ2006 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ የበሽታውን ወጪ አሰሉ። አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ የሚሆነውን ያጣል፤ በወቅቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በሚኖርበት ዞን የዓመቱ ጠቅላላ ኪሳራ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል። እነዚህ ቁጥሮች ለጤና ባለሥልጣናትና ለለጋሾች ትርጉም ነበራቸው። ሰው የማይገድል ነው ተብሎ የተተወው በሽታ የአንድን ዞን ኢኮኖሚ እንደሚያደማ በገንዘብ ቋንቋ ተነገራቸው። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በወላይታ ከተጠየቁት የማኅበረሰቡ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመምተኞችን የሚያገል አመለካከት እንዳላቸው ገለጸ።

ከዚህ በኋላ ተመራማሪዎቹ አሮጌውን የመንደር ጥያቄ አነሱ። አንድ ጓሮ የሚቆፍሩ፣ አንድ ጭቃ የሚረግጡ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? በ2007 የታተመው የቤተሰብ ጥናት የወላይታ ሕመምተኞችን የትውልድ ሐረግ መረመረ። የሕመምተኛ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ለበሽታው ከመጋለጥ ልዩነት 63 በመቶው ከዘር ጋር እንደሚያያዝም ተሰላ። በቤተሰብ ይሄዳል ያለው የወላይታ ገበሬ ያየው ነገር ልክ ነበር ማለት ነው። የሳተው ከዚያ የደረሰበት ድምዳሜ ነው፤ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ የመቆጣት ጠባይ ነው፤ አፈሩ እግርን ካልነካ ያ ጠባይ ምንም አያመጣም።

ወደ ዘረመል ምርመራ መሄድ ግን በወላይታ ቀላል ነገር አልነበረም። ደም ቀድቶ ዘር መመርመር የቤተሰቡን ስም ዳግመኛ ሊያጎድፍ ይችላል። ጎረቤት የተመራማሪ መኪና ደጃፍ ላይ ቆሞ ቢያይ የዚያ ቤት ልጆች ጋብቻ ሊሰናከል ይችላል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ጥናቱን ከመጀመራቸው በፊት በወላይታ የፈቃደኝነት አጠያየቁ እንዴት ቢሆን እንደሚሻል ራሱን የቻለ ጥናት አድርገው በ2009 አሳተሙት። ሰዎቹ የሚተማመኑት በውጭ ተመራማሪ ወይም በወረቀት ፊርማ ሳይሆን በሚያውቋቸው የማኅበሩ ሠራተኞች ነበር። ማብራሪያው በእነሱ በኩል፣ በሕዝቡ ቋንቋ፣ ጊዜ ተወስዶበት እንዲሰጥ ተደረገ። በአፍሪካ ገጠር የዘረመል ጥናት እንዴት መካሄድ እንዳለበት ሲጻፍ ይህ የወላይታ ተሞክሮ የሚጠቀስ ሆኗል፤ ይገባዋልም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። 194 ሕመምተኞችና በዚያው አካባቢ ለዓመታት በባዶ እግር ኖረው ያልታመሙ 203 ሰዎች በመላ ዘረመላቸው ተነጻጸሩ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት በሚባለው ሥፍራ ነበር። ግኝቱም በሕመምተኞችና በወላጆቻቸው ላይ በተደረገ ተጨማሪ ምርመራ ጸና። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በወላይታ፣ በአማራና በኦሮሞ ሕመምተኞች ላይ ያንኑ ሥፍራ መልሶ አገኘው።

ይህ ሥፍራ የመከላከያ ሴሎች የሚነጋገሩበትን ነገር የሚሠራ ነው። ማክሮፋጅና መሰሎቹ የዋጡትን ባዕድ ነገር ቁራጭ በኤችኤልኤ ሞለኪውል ላይ አድርገው በገጻቸው ላይ ያሳያሉ፤ ቲ ሴል መጥቶ ያየዋል፤ ባዕድ መሆኑን ካወቀ ይቀሰቀሳል፣ ይባዛል፣ ሌሎቹንም ያስነሳል። የሞለኪውሉ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ሰው ቲ ሴል ለአፈሩ ሲቆጣ፣ ሌላ ቅርጽ ያለው ጎረቤቱ ያንኑ አፈር ተሸክሞ ሳይታመም ይኖራል። ማዕድን በዚህ መንገድ ቲ ሴልን ሊያስቆጣ መቻሉ እንግዳ ነገር አይደለም። በፋብሪካ የቤሪሊየም ብናኝ የሚተነፍሱ ሠራተኞች ላይ የሚታየው የሳንባ በሽታም ከአንድ የኤችኤልኤ ዓይነት ጋር መያያዙ እ.ኤ.አ. በ1993 ታውቆ ነበር። ፖዶኮንዮሲስ የቲ ሴል ብግነት ነው የሚለው ሐሳብ ከወላይታው ጥናት ወዲህ ዋናው መላ ምት ሆኗል።

መላ ምቱን በሴሎቹ ላይ ለማየት ግን ሌላ ከአሥር ዓመት በላይ ጠየቀ። በ2024 በኔቸር ኮሙኒኬሽንስ መጽሔት የታተመ የኢትዮጵያውያንና የእንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ጥናት የሕመምተኞችን ደም በዚያው አካባቢ ከሚኖሩ ጤነኞች ደም ጋር አነጻጸረ። በሕመምተኞቹ ቲ ሴሎች ላይ የመቀስቀስ ምልክቶች ከፍ ብለው ተገኙ። ባዕዱን ነገር ለቲ ሴል የሚያሳዩት ሞኖሳይትና ዴንድሪቲክ የተባሉት ሴሎችም እንዲሁ ተቀስቅሰው ታዩ። ቅንጣትን ከመያዝ፣ ከብግነትና ከሴል ሞት ጋር የሚያያዙት ዘረመሎች ንባብም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ፕራይስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በንፍፊት ውስጥ አፈር ተሸክሞ ያየው ማክሮፋጅና በ2012 በዘረመል የተጠረጠረው ቲ ሴል በአንድ ሰንሰለት ላይ መሆናቸው በዚህ ይበልጥ ተጠናከረ። ከማዕድኖቹ መካከል ጥፋተኛው የትኛው ነው የሚለውም እየጠበበ ነው፤ የአፈር ጥናቶች ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ በሚበዙበት ቦታ በሽታው እንደሚበዛ አሳይተዋል።

የዘር ጉዳይ መታወቁ በመንደሩ አዲስ ችግርም ይዞ መጣ። በዘር ከሆነ ጫማ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ተገኘ፤ በዘራችን የለም የሚለው ቤተሰብ ደግሞ ልጆቹን በባዶ እግር መልቀቁን ቀጠለ። በወላይታ የተካሄዱ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቶች የዘርንና የአፈርን ድርሻ አንድ ላይ አድርጎ ማስረዳት እንደሚቻል፣ ገበሬውም በቀላሉ እንደሚገባው አሳይተዋል። ከባዱ ነገር ማስረዳቱ አይደለም። ከባዱ ልጁ ባደገ ቁጥር የሚጠበውን፣ ባረሰ ቁጥር የሚበጠሰውን ጫማ መተካት ነው።

በአገርና በዓለም ደረጃ በሽታው ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮንዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኢትዮጵያ በ2013 ባወጣችው ብሔራዊ ዕቅድ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ስምንት በሽታዎች አንዱ አደረገችው። በዚያው ጊዜ በተካሄደው አገር አቀፍ የካርታ ሥራ መሠረት በመላ ኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው፣ 35 ሚሊዮን ሕዝብም ለበሽታው በሚያጋልጥ አካባቢ እንደሚኖር ተገመተ። በሶዶ ክሊኒኮች በተግባር የዳበረው የእጥበት፣ የቅባት፣ የፋሻና የጫማ እንክብካቤ በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በ696 ሕመምተኞች ላይ ተፈተነ። በ2018 በወጣው ውጤት መሠረት እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ የትኩሳትና የሕመም ግርሻ ሲገጥማቸው፣ የዘገየላቸው 23.9 ጊዜ ገጥሟቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከአልጋ መትረፍ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አይንቀውም።

አሁንም ለበሽታው የደም ምርመራ የለም። የሚታወቀው የሕመምተኛውን መኖሪያና የሕመሙን አመጣጥ በመጠየቅ፣ እብጠቱ ከእግር ጣት መጀመሩን በማየትና ፋይላሪያንና ሥጋ ደዌን በማጣራት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ፣ ማታ ያበጠው እግር ጠዋት በሚሟሽሽበት ጊዜ ላይ ከተደረሰበት በየዕለቱ በመታጠብና ጫማ በማድረግ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቆዳው ከወፈረና ጉጥ ካወጣ በኋላ ግን እንክብካቤው እብጠቱን ይቀንሳል፣ ግርሻውን ያርቃል፤ የተጠባሰሰውን የሊምፍ ቧንቧ መልሶ የሚከፍት መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። በወላይታ ሕክምናው ዛሬ ከማኅበሩ ክሊኒኮች በተጨማሪ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችም እየተሰጠ ነው፤ የመጀመሪያውን ማሳከክና እብጠት ቤት ለቤት እየዞሩ የሚለዩትም በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው።